ቀዩን እስክሪብቶ መቼ ላስቀምጥ?

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሰብል ማሻሻያ ተመራማሪና መምህርት ነኝ። ሃያ ዓመት ያህል የደከምኩት በማሽላና የማሽላን ሥር በሚጠባው አረም፣ በአቀንጭራ፣ ላይ ነው። አንድ ልጅ አለኝ፤ የወለድኩት ሳይሆን ያስተማርኩት። ሁለተኛ ዲግሪውን ከእኔ ጋር ሠራ። ሦስተኛውን ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን አውሮፓ እንዲማር ዕድሉን ያፈላለግሁለት እኔ ነኝ። ከተመለሰ ዓመት ከስምንት ወር ሆነው። ጠረጴዛው እኔ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ማሳ የሚወርደው በእኔ ፕሮጀክት መኪና ነው። የሚጽፈውን ሁሉ ከመላኩ በፊት አነብለታለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልስለታለሁ። እስከ ዛሬ አመስግኖ ነው የሚቀበለኝ።

ባለፈው ወር ከምርምር ጽሕፈት ቤት አንዲት ሠራተኛ ደውላ ‹የልጅዎ ፕሮፖዛል በጀቱ ጎዶሎ ነው› አለችኝ። የምን ፕሮፖዛል? ለካ ሳያሳየኝ፣ ስሜንም ሳይጠራ አስገብቷል። ቅጂውን ለምኜ አየሁት። ነዳጅ የሚባል ነገር የለበትም። የቀን ሠራተኛ ያሰላው በዛሬ ሦስት ዓመት ዋጋ ነው። የአፈር ናሙናው በምን እንደሚመላለስ አላሰበም። ልጁ ገና ነው። ብጠይቀው ‹ላስቸግርዎ ስላልፈለግሁ ነው› አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

ምን በደልኩት? ራሱን ችሎ እንዲቆም የምፈልገው እኔው ነኝ፤ ዕድሜ ልኬን አላዝለውም። ግን እንዲህ ነው እንዴ የሚወጣው? ብለቀው ይወድቃል፤ ብይዘው ይሸሻል።

አሳዳጊዋ፣ ከሰሜን ወሎ»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ለእርስዎ አዘንኩ። ሁለተኛ ሳነበው በልጁ ተናደድኩ። በሦስተኛው ግን አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። የነዳጁን ነገር ነግረውኛል፤ የቀን ሠራተኛውን ሒሳብ ነግረውኛል፤ ናሙናው በምን ተጭኖ እንደሚሄድ አለመታሰቡንም ነግረውኛል። ልጁ ምን ሊመረምር እንዳሰበ ግን አንድም ቃል የለም። ፕሮፖዛሉን ለምነው አግኝተዋል፣ አንብበዋል፣ ጉድለቱን ለቅመዋል። ጥያቄው ጥሩ ይሁን ተራ፣ ከእርስዎ ሥራ የሚቀጥል ይሁን የሚፃረር፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ የማውቅበት መንገድ የለኝም። የአፈር ናሙና ስላነሡ ብቻ ልጁ ከዝርያው ወደ አፈሩ ዘወር ሳይል አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ዓይኑ ጉድለት ላይ ይሾላል፤ ሌላው ነገር ይደበዝዝበታል። በራሴ አውቀዋለሁ።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ጎበዝ። የመጀመሪያ ጽሑፏን ሰባት ጊዜ አርሜ መለስኩላት። በሰባተኛው ላይ ከእርሷ ብዕር የቀረው ስሟና ለእናቷ የጻፈችው ምስጋና ነበር፤ ከምስጋናውም ቢሆን አንድ ነጠላ ሰረዝ አንሥቻለሁ። ጽሑፉ አማረ። በአንድ ዓመታዊ ጉባኤ ላይም አቀረበችው። ስትጨርስ ከኋላ አንድ ሸበቶ የአፈር ሊቅ እጃቸውን አወጡና «ፈጥነው የሚደርሱት ዝርያዎች በሁለተኛው ዓመት ብቻ ለምን ወደቁ?» ብለው ጠየቋት። ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ እንደያዘች ዝም አለች። ዓይኗ ከሰውየው ተነሥቶ፣ ረድፎቹን እየተሻገረ መጣና ሦስተኛው ረድፍ ላይ እኔ ጋ ቆመ። እኔም አላስችል ብሎኝ ተነሣሁ። ስለ ዝናብ ሥርጭት ሁለት ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። ሰውየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተጨበጨበ።

ማታ በአውቶቡስ ስንመለስ፣ መብራቱ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ሲያንቀላፋ፣ «ዶክተር፣ ዝናቡ አልነበረም፤ በረዶ ነበር» አለችኝ። ፈጥነው የሚደርሱት አበባ ላይ ሳሉ በረዶ ወርዶ መታቸው። ያን ዕለት ላስቲክ ተከናንባ ማሳው ዳር የቆመችው እርሷ ናት፤ እኔ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» ብላት፣ «እርስዎ ቆመው ሲናገሩ እንዴት ብዬ?» አለች። ቤቴ ገብቼ የድሮዎቹን ረቂቆች አገላበጥኩ። በረዶው በሦስተኛው ረቂቅ ላይ አለ፤ ቀኑ ሳይቀር። በአምስተኛው እርማት «አላስፈላጊ ዝርዝር» ብዬ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ «ላስቸግርዎ ስላልፈለግሁ ነው» ያለውን በዚህ ጆሮ ይስሙት። በእኛ ዘንድ ወጣት ለአሳዳጊው «ይህኛው የእኔ ነው» ብሎ የሚናገርበት ቃል አልተሠራለትም። ቢለው ድፍረት ይሆናል፤ ውለታ መርሳት ይባላል። ቢያሳይዎ ደግሞ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ስምንት ዓመት አብሮዎት ኖሯል። በቀይ ተሞልቶ ይመለስለታል፤ እርማቱ ሁሉ ትክክል ይሆናል፤ ሲጨርስ ፕሮፖዛሉ የእርስዎ ሆኖ ያርፈዋል። ስለዚህ በጓሮ በር ወጣ። የፊቱን በር የዘጋው ማንም ላይሆን ይችላል፤ እርስዎ ደጃፉ ላይ ስለቆሙ ብቻ ነው።

ጥፋት የለበትም ግን አልልም። በእርስዎ ቢሮ ተቀምጦ፣ በእርስዎ መኪና ማሳ ወርዶ፣ ምናልባትም በእርስዎ ሙከራ ባየው ነገር ተነሥቶ ፕሮፖዛል ሲያስገባ ወሬውን ከጽሕፈት ቤት መስማት አልነበረብዎትም። ማሳወቅ ነበረበት። ማስፈቀድ ግን አልነበረበትም። ሁለቱ በእኛ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚኖሩ ወጣቱ አንዱን ለመሸሽ ሁለቱንም ይሸሻል። ሲያገኙት ይህን በግልጽ ይንገሩት፤ ቅሬታዎን አይዋጡ። የተዋጠ ቅሬታ በኋላ በደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ይወጣል፤ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ያቺ ሠራተኛ ስለ እርሱ ፕሮፖዛል፣ በእርሱ ስም ስለገባ፣ እርሱ ስለፈረመበት ወረቀት ለመነጋገር የደወለችው ለማን ነው? ለእርስዎ። ክፋት የላትም፤ ልጁ የእርስዎ እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት የሆነው፣ ሦስተኛ ዲግሪ ያለው ሰው በራሱ ጉዳይ በአሳዳጊው በኩል የሚጠራ ከሆነ፣ ነዳጅ ማስላት ከየት ይማር? ነዳጁን እስከ ዛሬ ማን ሲያሰላው ኖረ?

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። ተረቱ የሚያወራው ስለ ዛሬው ራት ነው። ነገ ማን ያቡካ የሚለውን ዝም ብሎ አልፎታል።

እርስዎ ካሉበት ብዙም የማይርቀው ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በቅኔ ስሙ የወጣ አገር ነው። የቅኔ ቤቱን ልማድ ያስቡ። አዲስ ገቢው ግሱንና አገባቡን እየለቀመ ሳለ፣ ገና ሳይጠነክር፣ ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ እንዲቆጥር፣ ማለትም ከራሱ እንዲደርስ፣ ይደረጋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ነው። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ዛፍ ጥላ ሥር ይቆጥራል፤ ተመልሶም ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል። ቃሉ ቢሳሳት ይታረማል፤ ቤቱ ቢሰበር ይቃናል፤ ሲብስም ይሳቅበታል። የትናንቱን ይዞ መምጣት ግን አይሆንም፤ የመምህሩን ቅኔ ይዞ መምጣትማ ነውር ነው። ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። እየጨመረ የሚሄደው የቤቱ ቁጥር ነው። የማን ነው የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን አልቋል፤ ሁለቷ ቤት የእርሱ ናት።

እኛ ሳይንስ እናስተምራለን የምንለው ሰዎች ግን ተማሪውን ስምንት ዓመት የእኛን መወድስ ስናስገለብጠው ከርመን፣ ዲግሪውን ባገኘ ማግስት «በል የራስህን ተቀኝ» እንለዋለን። ሲያቅተው «ገና ነው» እንላለን። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ትንሽ ጥያቄ፣ አንዲት ስድስት መደብ ያላት የሙከራ ጥግ፣ ሁለት ቤት ሰጥተነው ብንሆን ኖሮ ዛሬ ሁለታችንም ባልተደናገጥን ነበር። ዘግይቷል ብለው አይጨነቁ። የእርስዎ ልጅ ሳይሰጠው ወስዶ ተቀኝቷል። ነዳጅ ረስቷል እንጂ ተቀኝቷል።

በእርስዎው ሰብል የሆነ ታሪክ ላንሣ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ1973 ከዓለማያ ኮሌጅ ሲመረቁ ያገኟቸው ሰው ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ጆን አክስተል ነበሩ። አክስተል የታወቁት በማሽላ ፕሮቲን ነው። ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር የበለጸጉትን ሁለት ዘሮች እርሳቸውና ባልደረባቸው ያገኙት ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ማሽላ ውስጥ ነው፤ የወሎ ገበሬ «ወተት በጉንጬ» እያለ ስም ካወጣለት ከዚያ ዓይነቱ። ወጣቱን ወደ ፐርዱ የጠሩት፣ ለዶክትሬት ያበቁትም እርሳቸው ናቸው። እንደ እኛ ልማድ ቢሆን ገቢሳ ዕድሜ ልካቸውን ላይሲን ሲለኩ በኖሩ ነበር። እርሳቸው ግን በ1979 ኢክሪሳት ለሚባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ሊሠሩ ሱዳን ወረዱ፤ ድርቅ የሚችለው ድቃይ ማሽላ፣ ሐጊን ዱራ 1፣ በ1983 ለገበሬ ተለቀቀ። በዓመቱ ወደ ፐርዱ ተመለሱ፤ አሁን በመምህርነት፣ በአሳዳጊያቸው ጎን። ከዚያም ላሪ በትለር ከተባሉ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ጋር ሆነው እርስዎ ሃያ ዓመት የታገሉትን አቀንጭራን ያዙ፤ በ1994 አቀንጭራን የሚቋቋም ስምንት ቶን የማሽላ ዘር ለአሥራ ሁለት የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። የ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የመጣው በእነዚህ በሁለቱ፣ በድቃዩና በአቀንጭራው ሥራ ነው። አክስተል ከታወቁበት ጥያቄ አንዱም አይደለም። ሰብሉ ግን ያው ማሽላ ነው። ልጅዎ ወደ አፈሩ ዘወር ብሎ ከሆነም ከማሽላው አልወጣም።

«ስሜንም ሳይጠራ» ያሉት ቃል ሲያመዎት ይታየኛል። አቀንጭራን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይከርማል፤ የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ብቻ ይነቃል፤ ከሥሩ ተጣብቆ ከመሬት በታች ይጠባል። ከላይ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ወይን ጠጅ አበባም አለው። ገበሬው ያን አበባ ሲያይ ጉዳቱ ደርሶ አልቋል። በሙያችን ውስጥ እንዲህ ያለ አማካሪ ሞልቷል፤ የሚታተም ጽሑፍ ሲሸተው ይነቃል። እርስዎ ከእነርሱ ወገን አይደሉም፤ ዓመታት ሙሉ ሰጥተዋል። ሆኖም የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያወጣውን ደንብ ያስታውሱ፦ ገንዘብ ማምጣት ብቻውን፣ በበላይነት መቆጣጠርም ብቻውን ሰውን ደራሲ አያሰኝም፤ ቦታው የምስጋናው ክፍል ነው። ደንቡ ለሐኪሞች ቢጻፍም ለማሽላ ሰዎችም ልክ ነው። ደግሞ የልጅዎን ፍላጎት በሌላ በኩል ይዩት። የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ለጀማሪ ተመራማሪዎች ድጋፍ ሲሰጥ፣ አመልካቹ ከዶክትሬት አማካሪው ተለይቶ ያሳተመው ሥራ አለ ወይ የሚለውን እንደ አንድ የነጻነት ምልክት ሲያይ ኖሯል። ስምዎ በሥራዎቹ ሁሉ ላይ ካለ፣ ያ ስም ባለበት ቦታ ሁሉ የልጁ ድርሻ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ውለታዎ ሸክም የሚሆንበት ቀን እንዲህ ይመጣል፤ ማንም ሳይበድል።

«ብለቀው ይወድቃል» ላሉት፦ አዎን፣ ይወድቃል። የት ይውደቅ የሚለው ነው ከባዱ።

እኔን ያሳደጉኝ ሰው አንድ ክረምት ያደረጉትን እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም። የመጀመሪያ ሙከራዬን የምዘራበትን መሬት ራሴ እንድመርጥ ፈቀዱልኝ። ከወንዙ በኩል ያለውን ጥቁር ዋልካ መረጥኩ፤ ለጥ ያለ ስለነበር ወደድኩት። ማሳውን አርባ ዓመት የሚያውቁት አዛውንት ሠራተኛ ለእርሳቸው ሄደው «ልጁ የመረጠው ቦታ ሐምሌ ላይ ውኃ ይተኛበታል» አሏቸው። «ተዉት፣ ይየው» አሉ። ሐምሌ ላይ ውኃ ተኛበት። ከአራቱ ድግግሞሽ ሁለቱ ጠፉ። እስከ ቅልጥሜ ጭቃ ውስጥ ቆሜ የዝርያ ምልክት እንጨቶቼን እየለቀምኩ ሳለ በቦቲ ጫማ መጡና፣ ዳር ቆመው፣ «ምን አየህ?» አሉኝ። ሌላ ምንም። አስቀድመው ማወቃቸውን ከአዛውንቱ የሰማሁ ጊዜ ለሁለት ዓመት ያህል ቂም ይዤባቸው ነበር። መሬት ሳላጠና፣ የማሳ ሠራተኛ ሳልጠይቅ አንድም ዘር ጥዬ አላውቅም ከዚያ ወዲህ፤ እውነት ነው። ግን አንድ ክረምት ነው የጠፋው፤ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ደግሞ ያለው ሁለት ክረምት ነው። ልክ ነበሩ ብዬ ለመማል ይቸግረኛል።

ለእርስዎ የምመክረው ስለዚህ ከእርሳቸው ለስለስ ያለ ነው። የልጁ ጉልበትና የልጁ ስም ብቻ የሚጎዳበት ቦታ ላይ ይውደቅ። ጆርናል ይመልስበት፤ ገምጋሚ ይኮርኩመው፤ ሴሚናር ላይ ላብ ያጥምቀው። የገበሬ ማሳ ወይም የተማሪ ዲግሪ ወይም የሌላ ሰው ገንዘብ በሚጠፋበት ቦታ ላይ ግን እጅዎን ያስገቡ፤ ውጤት የማጭበርበር ሽታ ካለም ሳይጠየቁ ይግቡ። የበጀት ሠንጠረዥ ጎደለ ተብሎ መመለስ ከመጀመሪያው ወገን ነው። ማንም አይሞትበትም። ጽሕፈት ቤቷ ትመልሰዋለች፣ ያፍራል፣ ያስተካክላል።

ቀዩን እስክሪብቶ ጨርሰው ይጣሉ አልልዎትም፤ እኔም አልጣልኩትም። በእርሳስ ተካሁት። ዓረፍተ ነገር አላርምም፤ በኅዳጉ ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ እጽፋለሁ፣ ከሦስት አላስበልጥም፤ አራተኛው ሲመጣብኝ ከሦስቱ አንዱን እሰርዛለሁ። አስቸጋሪ ነው። የተጣመመ ዓረፍተ ነገር እያዩ ማለፍ ጥርስ ሕመም ይመስላል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ ሸፍጫለሁ።

አሁን ደግሞ ከቀይ እስክሪብቶኞቹ የባሱትን ልንካ። «እኔ ተማሪዎቼን ነጻ ነው የምለቃቸው» የሚሉ አሉ፤ በኩራት። ስትቀርቧቸው ያ ነጻነት ስልክ አለማንሣት ነው። አዲሱ ዶክተር ከውጭ ሲመለስ የሚያውቀው ኬሚካል በሦስት ቀን ጠረጴዛው ላይ የሚደርስበትን አገር ነው። እዚህ የውጭ ምንዛሪው ተጠይቆ፣ ግዢው ተጫርቶ፣ ዕቃው ከጉምሩክ እስኪወጣ ወራት እንደሚያልፉ ማን ይንገረው? የግዢ ክፍሉ ኃላፊ ጠዋት እንጂ ከሰዓት እንደማይፈርሙ፣ የቀን ሠራተኛ በእህል ወቅት እንደማይገኝ፣ የአፈር ናሙና ከመላኩ በፊት ለየትኛው ላብራቶሪ ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ የተጻፈበት መጽሐፍ የለም። ይህ ሁሉ በእርስዎ ራስ ውስጥ ነው ያለው። ሳይንሱን ለእርሱ ይተዉለትና ይህን ይስጡት። ሰዎቹን በአካል ያስተዋውቁት፤ ባስተዋወቁት ማግስት ግን ስለ እርሱ ጉዳይ እርስዎ አይደውሉ። ያቺ ሠራተኛ ደግማ ከደወለችም «ስልክ ቁጥሩን ልስጥሽ» ይበሏት። አንድ ቀን ይከፋታል፤ ከዚያ ትለምዳለች።

አዲስ ዶክተር በየኮሚቴው ጸሐፊ፣ በየክፍሉ ተደራቢ መምህር እንደሚደረግ ያውቃሉ። ሽበትዎን የሚያወጡበት ቦታ እዚህ ነው። እርሱ ለክፍል ኃላፊው እምቢ ማለት አይችልም፤ እርስዎ ይችላሉ።

ጠረጴዛውን ከቢሮዎ ያውጡለት። ክፍል የለም ይሉኛል፤ መቼም የትኛው ግቢ ክፍል ተርፎት ያውቃል? የዘር መጋዘኑ ጥግም ቢሆን፣ መስኮት ባይኖረውም፣ በሩ ላይ የእርሱ ስም ይጻፍ። እርስዎ ቢሮ ገብቶ ከእርሱ ጋር የሚነጋገር ሰው ሁሉ ግማሽ ፊቱን ወደ እርስዎ ያዞራል። ተማሪዎቹም እንዲሁ። ልጁ ራሱ ከመናገሩ በፊት የእርስዎን ወንበር ያያል፤ እንደዚያች ልጅ።

አንድ የማይወዱት ነገርም አለ። ወረቀት ይጻጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ በእርስዎ ፕሮጀክት ከተለዩት የማሽላ የዘር መስመሮች የትኞቹን ይዞ መቀጠል ይችላል፣ ያልታተመው መረጃ የማን ነው፣ ከአሁን ወዲህ ምን አብራችሁ ትሠራላችሁ፣ ምንስ ለየብቻ። በእኛ ዘንድ ከልጅ ጋር መጻጻፍ አለመተማመን ይመስላል። እኔ ያየኋቸው የአሳዳጊና የልጅ ጸቦች ግን ሲጀምሩ «እኔና እርሱ ወረቀት አያስፈልገንም» ተብሎ ነው። በስምምነቱ ላይ አንድ ማሽላዎን ብቻ ሳይሆን አንድ ጥያቄዎን ጭምር ይልቀቁለት፤ ሊሠሩት ያሰቡትን፣ የሚወዱትን። የተረፈዎትን ከሰጡት ያውቅብዎታል።

ደብዳቤዎ ውስጥ ያልተጻፈ ሌላም ነገር ያለ ይመስለኛል። እርሱ ከሄደ ያንን ማሳ ከእርስዎ ጋር የሚያይልዎት ሰው የለም። ማታ ማታ ስለ አቀንጭራ የሚያወሩት ከእርሱ ጋር ነው። ይህ ደግሞ በምክር የሚድን አይደለም። አዲስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ይቀበሉ፤ ሲቀበሉም በመጀመሪያው ወር ሁለት ቤቷን ይስጡት።

ለጊዜው ግን ሰኞ ጠዋት ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ይውሰዱት። ቢሮ አይሁን። የፕሮፖዛሉን ቅጂ አይያዙ፤ እስክሪብቶውም መሳቢያ ውስጥ ይቅር። ቅሬታዎን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገሩትና ይዝጉት። ከዚያ «ምን ልታውቅ ፈልገህ ነው?» ብለው ይጠይቁት። መጀመሪያ ስለ በጀቱ ይቅርታ ይጠይቅዎታል፤ ያስቁሙት። ደግመው ይጠይቁት። ቢንተባተብ አይሙሉለት፤ ሻይዎን ይጠጡ። ጥያቄው ደካማ ሆኖ ካገኙት አንድ ጊዜ፣ ከነምክንያቱ ይንገሩት፤ ቢቀጥልበት የእርሱ ጉዳይ ነው። ጥሩ ሆኖ ካገኙትም ይንገሩት፤ ይህን ሊረሱት ይችላሉ ብዬ ነው።

በጀቱን ራሱ ያስተካክል። ነዳጁን ግን ይንገሩት። ያቺ መኪና ከግቢ እስከ ቆላው ማሳ፣ የአሸዋውን ወንዝ በከባድ ማርሽ ተሻግራ፣ ደርሶ መልስ ስንት ሊትር እንደምትጠጣ ከእርስዎና ከሾፌሩ በቀር የሚያውቅ የለም።